አልጋ በፈረቃ

ሚንሃና ሊቤ ዓመት ተኩል ሙሉ አንድ አልጋ ሲጋሩ አንድም ቀን ጎን ለጎን ተኝተው አያውቁም። ሁለቱም ሰበታ ውስጥ አንድ ክር ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ሚንሃ የቀን ፈረቃ፣ ሊቤ የሌሊት። አንዷ የለቀቀችውን ማሽን ሌላዋ ትረከባለች፤ አንዷ የለቀቀችውን አልጋም እንደዚያው። የቤቱ ቁልፍ አንድ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ፋብሪካው በር ላይ ይቀባበሉታል፤ ወሬያቸውም እዚያው ያልቃል።

"ሽሮ አለልሽ፤ አሙቂው።"

"ውኃ መጥቶ ነበር፤ ጄሪካኑን ሞልቻለሁ።"

በቃ። ሚንሃ ከወራቤ፣ ሊቤ ከነቀምቴ መምጣታቸውን ያውቃሉ። ሊቤ ስታንኮራፋ ጣሪያ እንደምታነሳ ግን ሚንሃ በምን ታውቃለች? ይህን ያሳወቃት ኮሮና ነው።

በ2012 ሚያዝያ ላይ ፋብሪካው ገበያ የለም ብሎ የሌሊቱን ፈረቃ ዘጋ። ሊቤ "እስክንጠራችሁ ጠብቁ" ተብላ ቤቷ ቀረች። ያን ቀን ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አደሩ፤ ሚንሃ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ። ስትነሳ ሊቤ ሻንጣዋን ስትዘጋ አገኘቻት።

"ወዴት ነው?"

"አገሬ ነዋ! ያንቺን እንጀራ ተቀምጬ ልብላ?"

"አውቶቡስ እንደሆነ ቆሟል!"

"እግር አለኝ።"

ሚንሃ ሻንጣውን ያዘችባት። ያን ያህል የማታውቃት ልጅ ብትሄድ ምን ይጎዳታል? ይጎዳታል እንጂ! ሳታስበው አፏ ቀደማት፤ "በኔ መታወቂያ ተራ በተራ እንግባ። አንድ ሳምንት አንቺ፣ አንድ ሳምንት እኔ። በማስክ ማን ይለየናል?"

መታወቂያው ከጋወን ጋር ታጥቦ ፎቶው ከጠፋ ቆይቷል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሊቤ ከሚንሃ በአንድ ጭንቅላት ትረዝማለች። ከታወቀባቸው ደግሞ ሁለቱም መባረራቸው ነው።

በሩ ላይ ሙቀት የሚለኩት ሽማግሌው ጥበቃ ኦቦ ሙሴ ናቸው። አንዱን ሳምንት መለኪያውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ሌላውን ሳምንት ዝቅ ያደርጋሉ። "አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደረች ሲጠይቋት የሊቤ ሳምንት ኦሮምኛው ይንዠቀዠቃል፤ የሚንሃ ሳምንት ግን "ፈያ" ብቻ ነው። ሽማግሌው ቁጥሩን ብቻ ያነባሉ። "ሠላሳ ስድስት፤ እለፊ።"

በዚህ መሀል የማይታሰብ ነገር መጣ። ሌላው ሠራተኛ ሲዝል ሚንሃ የተባለችው እያረፈች ስለምትመጣ ሥራዋ ከሁሉም በለጠ። ተቆጣጣሪው አቶ ወንዳፍራሽ የወሩ ኮከብ አድርጎ መረጣትና ፎቶ ሊያነሳት በር ላይ ጠበቃት። ሳምንቱ የሊቤ ነበር።

"በይ ማስኩን አውልቂውና ፈገግ በይ!"

ሊቤ ደርቃ ቀረች።

"አቶ ወንዳፍራሽ!" አሉ ኦቦ ሙሴ፤ "ማስክ ማውለቅ ክልክል ነው ብለው የለጠፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ያው፣ ፊርማዎ!"

ሰውየው አፍሮ ከነማስኳ አነሳት። እሱ ዞር ሲል ሽማግሌው ወደ ሊቤ ጠጋ አሉ። "በሚቀጥለው ሳምንት አጭሯ ሚንሃ ስትመጣ ታኮ ያለው ጫማ ታድርግ በያት።"

መስከረም ላይ የሌሊቱ ፈረቃ ተከፈተና ሊቤ በገዛ ስሟ ተጠራች። በደስታ ተቃቅፈው ዘለሉ፤ ርቀት ጠብቁ የሚላቸውም አልነበረም። ቁልፉም እንደ ድሮው በር ላይ መቀባበሉን ጀመረ።

ሚንሃ ግን አልጋው ሰፋባት። ያ ሁሉ ያማረረችው ማንኮራፋት ሲጠፋ እንቅልፍም አብሮ ጠፋ። ሊቤ ናፈቀቻት፤ በየቀኑ ሁለቴ እያየቻት ናፈቀቻት። በሳምንቱ አቶ ወንዳፍራሽ ቢሮ ገባች።

"ወደ ሌሊት አዛውሩኝ።"

"ሰው ከሌሊት ለመውጣት ይለምናል፤ አንቺ ምን ነካሽ? ኮከብ ሠራተኛዬ!"

"ቀን አልተስማማኝም" አለችው። ሌላውን ብትነግረውስ መች ይገባዋል?

ሰውየው ፈቀደላት፤ የዚያኑ ማታ ሁለቱ ለሌሊቱ ፈረቃ ተያይዘው በሩ ላይ ደረሱ። ኦቦ ሙሴ መለኪያውን ወደ ላይ አነሱ፤ ቀጥለው ዝቅ አደረጉት።

"ሁለታችሁም ደህና ናችሁ" አሉ፤ "እለፉ።"