የግፊት ነው አልኳቸው

መድኃኒቱ የተሰጠኝ በትንሽ ነጭ የወረቀት ከረጢት ነው። ስሙ አልተጻፈበትም። መድኃኒት የምታድለው ልጅ በእስክሪብቶ «ጉያቲ ቶኮ» ብላ ጫረችበት፤ በቀን አንድ ማለት ነው። ከሆስፒታል ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት አከራዬ ደጃቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀጥታ እጄ ላይ አረፈ።

«የምን መድኃኒት ነው?» አሉኝ።

«የግፊት» አልኳቸው።

ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አውቃለሁ። እሳቸው የደም ግፊት አለባቸው፤ ኪኒናቸው በዚያው ዓይነት ነጭ ከረጢት መስኮታቸው ላይ ተቀምጦ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ደግሞም ግፊት የተከበረ በሽታ ነው። ግፊት አለብኝ ያለን ሰው «ይማርህ» ይሉታል እንጂ አይሸሹትም። የእኔው ግን የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ነበር። ከእኔ በፊት እዚያችው ክፍል ተከራይቶ የነበረውን ልጅ ለምን እንዳስወጡት ራሳቸው አጫውተውኛል። ብቻውን ያወራ ነበር አሉ። «ክፉ አልሠራብኝም፤ ግን ፈራሁት» ነበር ያሉት። ያንን የሰማ ተከራይ ምን ብሎ ይመልሳል?

እትዬ ነው የምላቸው። በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ መጥተው ዳሪሙ በኩል ያደጉ፣ ኋላ አግብተው መቱ የገቡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል። እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። መቱ ውስጥ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እናም የፈራሁት ክፍሏን ማጣቴን ብቻ አልነበረም።

የምሠራው ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ። ከመድኃኒቱ በፊት ስለነበሩት ወራት ብዙ ማውራት አልወድም። ጫማዬን ለማሰር ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር ካልኩ ይበቃል። አንድ ቀን የማላውቀው ሰውዬ የመሬት ማመልከቻ ሲያጽፈኝ «ስለሆነም» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ስለሆነም ምን ያስለቅሳል? ሰውዬው ለእሱ ያዘንኩለት መስሎት ደጋግሞ መረቀኝ። በሳምንቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ያወራል። መድኃኒቱ ወዲያው አይሠራም፣ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ የባሰብሽ ሊመስልሽ ይችላል አለኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ፍሬ፣ ከዚያ ሙሉ። ሆድ ይረብሻል፣ እንቅልፍ ያዛባል፣ ተረጋግቶ መቀመጥ ይከለክላል። ራሴን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብኝ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ፣ በገዛ ፈቃዴ ግን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀኝ። «መጠኑን እያየን እናስተካክለዋለን» አለኝ በመጨረሻ። እኔን የሚያህል ሰው እንዴት እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ይስተካከላል ብዬ እየተናደድኩ ወጣሁ።

ተረጋግቶ መቀመጥ ይከለክላል ያለው ነገሩን አቅልሎት ነው። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ከጉልበቴ በታች የሆነ ነገር ተነሺ፣ ተነሺ ይለኝ ጀመር። እነሣለሁ፤ የምሄድበት የለኝም። እቀመጣለሁ፤ እንደገና ተነሺ ይለኛል። አፌ ደርቆ ማስቲካ ሳኝክ እውላለሁ። እንቅልፍ ሳይኖረኝ አዛጋለሁ። ጣቶቼ ይንቀጠቀጡና የአንዱን ሰው ስም ሦስት ጊዜ አበላሻለሁ። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩን ሁለት የወረቀት ካርቶን ላይ ሰቅዬ ቆሜ መጻፍ ጀመርኩ። ደንበኞቹ ግራ ገባቸው። ከገጠር የመጡት አዛውንቶች «ማል ታቴ? ታኢ» ይሉኛል፤ ምን ሆነሻል፣ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ወንበሩን ልሸጠው እንዴ እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ሳቅ አልነበረኝም። ምሳ ሰዓት ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው በጭቃው እመላለሳለሁ። ዝናቡ ሲመታኝ እንኳ መጠለያ ፈልጎ መቆም ያቅተኝ ነበር፤ የሚያቅተኝ መቆሙ ነው እንጂ ዝናቡስ ምንም አላለኝ።

የባሰው ግን ጨው ነው። እትዬ ግፊት የምትለዋን ቃል ከሰሙበት ቀን ጀምሮ አሳዳሪዬ ሆኑ። ማታ ማታ ከራሳቸው ድስት በሳህን ያመጡልኛል፤ እሳቸው ጨው ስለማይበሉ ወጡ ያለ ጨው ነው። «ጨው ጠላትሽ ነው» ብለው የጨው ብልቃጤን ሳይቀር ከመደርደሪያዬ አንሥተው ወሰዱት። ሆዱን ለሚያቅለሸልሸው ሰው ያለ ጨው የተሠራ ሽሮ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም። እጄ ይንቀጠቀጣል ስላቸው «እኔንም ስጀምር እንዲሁ አድርጎኛል፤ አብሽሪ» ይሉኛል። ተቀምጬ መብላት ሲያቅተኝ እሳቸው ቁጭ ብለው እኔ ቆሜ እንበላለን። ብቻዬን አይደለሁም የሚሉኝ ያህል በሽታቸው ጓደኛ አግኝቶ ደስ ብሏቸው ነበር። በየቀኑ ልነግራቸው አስብና ያ ያስወጡት ልጅ ይመጣብኛል። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ከመንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣና በጨው እገዛና ግድግዳ ተከልዬ እየተዟዟርኩ እበላለሁ። የሰረቀ ሰው እንኳ እንደዚያ አይደበቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን የእሳቸው ኪኒን አለቀ። ጤና ጣቢያው የለም፣ ሰኞ ተመለሺ አላቸው፤ የግል መድኃኒት ቤቶቹም የለንም አሉ። ማታ ሳህኑን ሲያቀብሉኝ «አንቺ ገና ብዙ አለሽ አይደል?» አሉኝ። የገባኝ ወዲያው ነው። ያልገባኝ መሰልኩና «አይዞዎት፣ ሰኞ ይመጣል» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ስለዚያች ማታ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን ልጠይቅ ወደ ጎሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የክፍሌ ጣሪያ ስለሚያፈስ ባልዲ እንዲያደርጉልኝ እትዬ ዘንድ ቁልፍ አለ። ከረጢቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው ነገር ነበር፤ ግን አንዱን ከአንዱ አላገናኘሁትም። መኪናው ውስጥ እግሮቼን የማደርግበት ጠፍቶኝ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ ጉልበት ስመታ፣ ይቅርታ ስል፣ እንደገና ስመታ ግማሽ መንገድ ደረስን። ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ክፍልሽ ገብቼ ከኪኒንሽ አንድ ፍሬ አነሣሁ፤ አውፍ በይኝ። ሙሉውን ነው ወይስ ግማሹን የምትውጪው?»

«አይዋጡት» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አይሰማም፤ ምን አልሽ?»

«አይዋጡት እትዬ። የእኔ ሌላ ዓይነት ነው።»

«ሌላም ቢሆን ግፊት ግፊት ነው። ውኃ ይዣለሁ።»

ከኋላዬ የእናቴ የእድር ጓደኛ ተቀምጠዋል፤ ስሳፈር ሰላም ብያቸዋለሁ። ሹፌሩ በደንብ እንድሰማ ብሎ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ። ለእኔ ደግ ሲያስብ መኪናውን በሙሉ ጆሮ አደረገው። ያን ጊዜ የታየኝ የእትዬ አፍና የውኃው ብርጭቆ ብቻ ነው።

«የግፊት አይደለም፣ ዋሽቼዎት ነው» ብዬ ጮህኩ። «የጭንቀት መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የጭንቀት! የአእምሮ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። የሰሙኝ ይሁን ያልሰሙኝ፣ የዋጡት ይሁን ያልዋጡት አላውቅም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጉልበቱን ሰበሰበ። ለእግሬ ቦታ ሊለቅልኝ ይሁን ከእኔ ሊርቅ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔም ቆሜ «ወራጅ አለ» አልኩ።

ምንም በሌለበት መንገድ ላይ አወረዱኝ። በግራም በቀኝም ዛፍ ነው፤ ዝናቡም ጀምሯል። ወደ መቱ አቅጣጫ መራመድ፣ ቀጥሎ መሮጥ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተነሺ ሲለኝ የነበረው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የምሄድበትን አገኘልኝ። እየሮጥኩ እደውላለሁ፣ አሁንም አይሠራም። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን ምን ብዬ እንደምናገር አስብ ነበር፤ የገደላቸው ኪኒን ሳይሆን የእኔ ኩራት ነው ብዬ ነው የምናገረው። የቡና ጆንያ የጫነ አይሱዙ ደርሶብኝ ቆመልኝ። ሹፌሩ የቸኮልኩበትን ሲጠይቀኝ እናቴ ታማብኝ ነው አልኩት። እሱንም ዋሸሁት ማለት ነው፣ ወይም አልዋሸሁትም።

ግቢው በር ላይ ስደርስ እትዬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጠምጥመው አስረዋል። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል። ሲያዩኝ ዘረጉት፤ ኪኒኗ በላብ ርሳ መዳፋቸው ላይ ተጣብቃለች።

«ሰምቼሻለሁ» አሉ። «ከዚያ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሣሁ። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሲለኩት ግፊታቸው ጨምሯል። ነርሷ ሐኪም አነጋግራ፣ የለመዱት ስለሌለ ለጊዜው ሌላ ዓይነት ተፈልጎ ተሰጣቸው። የሰው መድኃኒት ልውጥ ነበር ሲሏት እኔ ላይም እሳቸው ላይም ተቆጣች። ስትቆጣ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

በመመለሻችን ባጃጁ ውስጥ እኔ በሐሳቤ ዕቃ እጠቀልል ነበር፤ ፍራሹን ማን እንደሚሸከምልኝ ሁሉ አስቤአለሁ። እናቴም ጉዳዩን ከእድር ጓደኛዋ መስማቷ እንደማይቀር አውቄአለሁ፤ በእርግጥም ሰማች፣ ከእሷ ጋር የተባባልነው ሳምንት ፈጀ። ግቢ ስንገባ እትዬ የክፍሌ በር ላይ ቆሙና ወደ ውስጥ አዩ።

«ያ ልጅ» አሉ፣ «መድኃኒት አጥቶ ይሆን እንዴ ብቻውን ያወራ የነበረው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«እኔም አልጠየቅኩትም» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም አልነገርሽኝም።»

«እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ነው።»

አላስወጣሽም አላሉም፣ አስወጣሻለሁም አላሉም። ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለስ ጀመር፤ አራት እርምጃ ናት። ምናልባት መቶ ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ከጓዳቸው ሆነው ጠሩኝ።

«ቆይ እስቲ፤ ለአንቺ በሽታ ጨው ክልክል ነው?»

«አይደለም እትዬ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን አልጫ የበላሽው እኔን ፈርተሽ ነው?»

ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እንደ «ስለሆነም» ቀን ዓይነት አልነበረም፤ ይኼኛው ለምን እንደሆነ የማውቀው ልቅሶ ነው።

ጨለም ሲል በሁለት ሳህን ሽሮ ይዘው መጡ። አንዱ የራሳቸው ነው፤ ሌላውን ወደ እኔ ገፉት። የጨው ብልቃጤን በክንዳቸው ሥር ይዘው መጥተው ኖሮ ጠረጴዛው ላይ ከኪኒኑ ከረጢት አጠገብ አስቀመጡት። ቁጭ አሉ። እኔ ቆሜ ጎረስኩ። ጨው ሳይቀምሱ ዓመታት ስለቆጠሩ ልካቸው ጠፍቷቸዋል፤ ምላሴ ተቃጠለ። ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«እንዴት ነው? እንዳትዋሺኝ» አሉ።

ጣፍጧል ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

«በዝቷል እትዬ» አልኳቸው።

«አብሽሪ» አሉኝ፣ የራሳቸውን ሳህን ወደ እኔ እያስጠጉ። «ከእኔው ቀላቅይበት። ነገ እናስተካክለዋለን።»