የጣልያን ወዳጅ

ይህ ነገር የገጠመኝ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው! ይህቺን ካልተናገርኩ አይሆንልኝም፤ አንድ ጊዜ ባለመነገሯ ሚስት ላጣ ነበር።

የሮቢት ልጅ ብሆንም የምማረው ቆቦ ነበር። በወላጆች በዓል ዕለት ጥያቄና መልስ ተዘጋጀ፤ እኔም ክፍሌን ወክዬ ወጣሁ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የታሪክ መምህራችን ጥያቄዎቹን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሷቸዋል።

«በ1928 በሀገራችን ከተከናወኑት ዐበይት ጉዳዮች አንዱን ጥቀስ» አለኝ።

መጽሐፉን ሸምድጄዋለሁ። ደረቴን ነፍቼ «ከጣልያን ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ» አልኩ።

«ትክክል!»

ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ።

«ምን ይላል ይሄ ልጅ! በሃያ ስምንት? ወዳጅነት? ወላሂ፣ በሃያ ስምንት የጣልያን አውሮፕላን እዚሁ ሜዳ ላይ ሲያጓራ እኔ ከጥጆቼ ጋር ቁልቋል ስር ተወሽቄ ነበር!»

መምህሩ ደነገጠ። «አባቴ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ 1920 ይሆናል» አላቸው።

«እንግዲያ ፈረንጁን ጥራና ጠይቀው!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አንድ መዝገበ ቃላት ተሸለምኩና «የጣልያን ወዳጅ» የሚል ስም ይዤ ወደ ሮቢት ተመለስኩ።

ከዓመታት በኋላ የጤና ባለሙያ ሆኜ ቆቦ ስሠራ ዘሃራ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋደድን። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ቁርጡን የሚናገሩት አያቷ አያ ሰይድ ናቸው። አጎቴን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላክሁ። አጎቴ ፊቱን አጨፍግጎ ተመለሰ።

«ያ የጣልያን ወዳጅ አይደለም ወይ አሉን። ራሱ ይምጣና ጥያቄውን ይመልስ፣ ያለዚያ ልጅ የለኝም ብለዋል።»

ለካ እኒያ ሽማግሌ የዘሃራ አያት ኖረዋል! ሽማግሌ ልኮ ራሱ የሚፈተን ሙሽራ በአገራችን ሰምቼ አላውቅም። ግን ምን አማራጭ አለኝ? ሄድኩ። ዘሃራ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ቆማ እግሯ ይታየኛል።

አያ ሰይድ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «በሃያ ስምንት ምን ሆነ?»

«ጣልያን ወረረን። አውሮፕላኑ ሲመጣ እርስዎም ከጥጆችዎ ጋር ቁልቋል ስር ገቡ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን ገና ፈርቻለሁ።

«ያ ውል የስንት ዓመት ነበር አልከኝ?»

«የሃያ።»

«ስምንት እንኳ ሳይሞላው ጣልያን አፈረሰው። አንተስ ለዘሃራ ስንት ዓመት ልትፈርምላት ነው?»

የሸመደድኩት መልስ አልነበረም። ወደ መጋረጃው አየሁ። «ዓመት አልቆጥርም፣ አያ ሰይድ» አልኩ።

«አሁን መለስክ» አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

አያ ሰይድ ዛሬ የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። እንደ እሳቸው ያስፈራኝም ያሳቀኝም ፈታኝ አልገጠመኝም፤ በጣም ይናፍቁኛል። መዝገበ ቃላቱ ጠፍቷል፣ ቅጽል ስሙ ግን አለ፤ ደግሞም ወድጄዋለሁ። በትንሽ ትልቁ ተኳርፈን ፊቴን ያዞርኩ እንደሆነ ዘሃራ ትመጣና «ምነው፣ ስምንት ዓመታችን ደረሰ እንዴ?» ትለኛለች። ካለፈ እኮ ቆየ።