የፀሐይ ዳርና የጨርቅ ነጋዴው

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ማለት ማስረጃ አይደለም። ብረት ይዝጋል፤ ዓይን ደግሞ ከብረት ይቀድማል። ይህን ከመጽሐፍ ብማረው ደስ ባለኝ ነበር። የተማርኩት ግን ቡታጅራ፣ በተከራየሁት ቤት ጓሮ፣ ከአከራዬ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ከትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የጠጣች ትንሽ ቴሌስኮፕ አግኝቼ፣ ፈርሜ ወደ ቤት ወሰድኳት። የፀሐይን ምስል በቱቦዋ አሳልፌ ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፋለሁ፤ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ትወጣለች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ፀሐይ ላይ ስላሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ነገር ስለማይጥመኝ እኔ ነጫጮቹን ፍለጋ ገባሁ፤ ከፀሐይዋ ዳር ዳር ያሉ፣ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ቦታዎች።

ጥፋቴ አነጣጠሬ ላይ ነበር። ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ የሚቀናው ጥላውን እያዩ ነው፤ ጥላው በጣም ሲያጥር ቀንቷል ማለት ነው። እኔ ቸኩዬ እንደ ጠመንጃ በጎኗ አሻግሬ በባዶ ዓይኔ አነጣጥር ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ነጫጮቹን አገኘኋቸው። ተደስቼ ቀና ስል ግን የጓሮው ግድግዳ ላይም ነጫጭ ነጥብ ያየሁ መሰለኝ። ፀሐይዋ ዓይኔን አቃጥላው ይሆን?

ማንበብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ ቢጠፋ ምን ይሠራል? መጽሐፍ ስከፍት ገጹ ላይ ነጥብ እፈልጋለሁ፤ ስፈልግ አገኛለሁ። የፈራ ዓይን ፈልጎ ያጣው ነገር የለም። ሐኪም ዘንድም አልሄድኩም፤ እውነቱን እንዳይነግረኝ።

በሦስተኛው ቀን አከራዬ መጡ። የመስቃን ሰው፣ ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሐጂ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ሦስት ቀን ግድግዳዬ ላይ ታፈጣለህ። ልትገዛው ነው?»

የሆነውን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ነጥቡ ያለው ፀሐይዋ ላይ ነው አንተ ላይ?»

«እሱን ነው ያላወቅሁት፣ ሐጂ። ይምጡ ይዩልኝ፤ እዚህ ዳር ላይ፣ በግራ በኩል...»

«ዝም በል» አሉኝ። «ካሳየኸኝማ አያለሁ። እኔና ወንድሜ አንድ ጣቃ ጨርቅ ስንመረምር አንነጋገርም። እሱ አይቶ ይወጣል፣ እኔ አይቼ እወጣለሁ፣ ከዚያ ነው አፍ የምንከፍተው። ቀድሞ የተናገረ የሌላውን ዓይን ይሰርቃል።»

ሁለት ወረቀት ላይ እኩል ክብ አሠሩኝ። መጀመሪያ እኔ ቴሌስኮፗን፣ በዚህ ጊዜ በጥላዋ፣ አቅንቼ ያየሁትን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ለሳቸውም እንደገና አቀናሁላቸው። ፊቴን ወደ አጥሩ አዙረው አቆሙኝ። ጨርቅ በጠራራ ፀሐይ አይመረመርም ብለው ጥቁር ጨርቅ ራሳቸውና ወረቀቱ ላይ ጣሉ።

«አለ፣ ሐጂ?»

«አትጠይቀኝ።» ወረቀቱን ሲያንሸራትቱ ሰማሁ። «ይቺ ፀሐይህ ትሸሻለች።»

«እሷ አይደለችም፤ መሬት ናት የምትዞረው።»

«እሱን ለተማሪዎችህ።»

ሲጨርሱ ሁለቱን ወረቀቶች ደርበን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍናቸው። የእኔ ምልክት አራት፣ የሳቸው ሦስት። ሦስቱ አንዱ በአንዱ ላይ ቁጭ አሉ። የእኔ ዓይን ቢጎዳ እንኳ ጉዳቱ በሳቸው ዓይን ሊታይ አይችልም፤ ስለዚህ ሦስቱ ያሉት ፀሐይዋ ላይ ነው።

«አራተኛውስ?» አልኩ።

«እሱ የፍርሃትህ ነው። ተወው።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን የያዝኩትን ትንፋሽ ያኔ ነው የለቀቅሁት። በዚያ ሳምንት ግድግዳው ተመልሶ ግድግዳ ሆነ፤ እኔም ያቋረጥኩትን መጽሐፍ ከመካከሉ ቀጠልኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወልቂጤ ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አስረዳኝ። እያንዳንዱ ነጭ ቦታ የእልፍ ጥቃቅን ብሩህ ነጥቦች ክምችት ነው፤ በየነጥቡ የፀሐይ መግነጢሳዊ ኃይል ተጨምቆ ይገኛል። ነጥቦቹን ለየብቻ ማየት ከዚያች ቴሌስኮፕ አቅም በላይ ነበር፤ እኔና ሐጂ ያየነው ጉባኤያቸውን ነው። አልከፋኝም። ያን ቀን የሚያስፈልገኝ ፀሐይን ማወቅ ሳይሆን ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ሳይነገረው እንዲያያት ነበር።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ አንድ ነገር አየሁ ብለህ ወደ እኔ ስትመጣ የት እንዳየኸው አትንገረኝ። ወረቀትና እርሳስ ስጠኝና ዞር በል።