ስምንተኛው ቋጠሮ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ አዳማ ከተከራየነው ቤት ዕቃችንን ጠቅልለን ስንወጣ ነው። ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ ባየሁ ቁጥር መንገዴን ቀይሬ አልፋለሁ። ሌላ እናት እንደኔ እንዳትሞኝ ብዬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

የባለቤቴ ሥራ ወደ ዓለም ጤና ከተማ ተዛወረ። እዚያ ያገኘነው ቤት አንዲት ክፍል ስለሆነች፣ ትርፍ ዕቃችንን አርሲ ነገሌ የሟች አባቴ የእህል መጋዘን ውስጥ ልናስቀምጥ ተስማማን። እሱ ቀድሞ ሄደ። እኔ ከአምስት ዓመቷ ልጃችን ከኤልዳና ጋር ዕቃ ልጠቀልል ቀረሁ።

መጋዘኑ አይጥ እንደማያጣው አውቃለሁ። ለሶፋው ግድ አልነበረኝም። የጨነቀኝ እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ ብርድ ልብስ ነው። እኔ ደግሞ የእህል ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ እህል ከተባይ በምን እንደሚጠበቅ ይጠፋኛል? ወንድሜን የነቀዝ ክኒን እንዲልክልኝ ጠየቅሁት።

"ለመጋዘኑ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። ዕቃው የሚሄደው መጋዘን ስለሆነ ውሸትም አልመሰለኝም።

አባቴ ክኒኑን ጆንያ ውስጥ በሚያስገባ ቀን እኛን ልጆቹን ከግቢ ያስወጣን ነበር። ከዚያም መጋዘኑን ቆልፎ ለቀናት ደጁ አያደርሰንም። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ለእኔ የጨዋታ ቀን ነበር።

የጭነት መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል በተባለበት ቀን፣ በጠዋት ተነስቼ ልብሱንና ብርድ ልብሱን ስምንት ማዳበሪያ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። እጄን በፌስታል ሸፍኜ ክኒኑን በጨርቅ ስምንት ቦታ ቋጠርኩ። በየማዳበሪያው አንዳንድ ቋጠሮ እየከተትኩ አፉን በወስፌ ሰፋሁ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ሾፌሩ ነው፤ ዝናብ ስለያዘው ይዘገያል። ተነጫነጭኩበትና ተመልሼ ስፌቴን ጨረስኩ። በብልሃቴ እየኮራሁ ነበር።

ዝናቡ ወደ ቤት ሲገባ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ። ማዳበሪያዎቹ ሳሎን ተከምረዋል። ኤልዳና በመሃላቸው "ቤት" ሠርታ ትጫወታለች፤ እንዳታስቸግረኝ ከረሜላ ሰጥቻት እኔ ጓዳ ብርጭቆ በጋዜጣ እጠቀልላለሁ። ራሴን ያመኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

መኪናው የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጫኙ ጋሽ ቱሉ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ አንድ እግራቸውን ሳሎን እንዳስገቡ ወደ ኋላ ተመለሱ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ነጭ ሽንኩርት ይሆናል" አልኳቸው። እውነትም እሱን እሱን ይሸት ነበር።

"ይሄ ሽንኩርት አይደለም። እኔ እዚህ አልገባም።"

ዋጋ ሊያስጨምሩ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። "ካልፈለጉ ይተዉት፤ ጫኝ ሞልቷል!" አልኳቸው።

"እህቴ፣ እኔ ስንት ዓመት እህል የተሸከምኩ ሰው ነኝ። ይሄ የነቀዝ መድኃኒት ነው። ውስጥ ሰው አለ? ኢጆሌ አለ?"

ልጆች አሉ ወይ ማለታቸው ነው። የኤልዳና ድምፅ ከጠፋ መቆየቱን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

ስሟን ጮኼ ጠራሁ። መልስ የለም። ጋሽ ቱሉ በሩንና መስኮቱን በርግደው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ገቡ። ማዳበሪያዎቹን እያነሱ ሲወረውሩ በር ላይ ቆሜ ስሟን እየጠራሁ አያለሁ። "ያ ረቢ!" አሉ። ልጄን አቅፈው ሲወጡ እጇ ተንጠልጥሏል። የሞተች መሰለኝ። ግቢ ውስጥ ዝናቡ ሲነካት ዓይኗን ገለጥ አደረገችና አስመለሳት።

ሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ስለ ነቀዝ ክኒኑ ስነግራቸው ኦክስጅን አደረጉላት።

"ክኒኑን ውጣዋለች?" አለኝ ሐኪሙ።

"ኧረ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የተሰፋው።"

"እሱን አረጋግጪ። ሽታው ብቻ ከሆነ ተስፋ አለን። ከዋጠችው ግን…" አልጨረሰውም።

"ምን በላሽ የኔ እናት?" አልኳት። በደከመ ድምፅ "ከረሜላ" አለችኝ።

እኔ የሰጠኋትን ነው? ወይስ ክኒኑ ከረሜላ መስሏት? ለሾፌሩ ደወልኩና ማዳበሪያዎቹን ቀድደው ቋጠሮዎቹን እንዲቆጥሩልኝ ለመንኩት። ቆይተው ጋሽ ቱሉ በስልኩ ደወሉልኝ።

"ሰባት ነው።"

"ስምንት ነው ጋሽ ቱሉ! እባክዎ እንደገና ይዩልኝ!"

"ሁሉንም ገልብጫለሁ፣ ልጄ። ሰባት ነው።"

አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ አንዲት ልጅ ይዤ፣ ለብርድ ልብስ ብዬ በመርዝ ተጫወትኩ። ለአባቷ ምን ብዬ እንደምነግረው ጠፋኝ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩና "እሷን ትተህ እኔን ውሰደኝ" አልኩት ፈጣሪን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ነርሷ ልታነሳኝ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ያዘች። "እናት፣ ሽታው ካንቺ ነው እኮ። ይሄን ሹራብ አውልቂ!"

ሳወልቀው ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር እጄን ነካኝ። ስምንተኛው ቋጠሮ ነው። ስልኩ ሲጮህ ኪሴ ከትቼው ረስቼዋለሁ። ልጄን ላድን ስሮጥ መርዙን ከነልጄ አቅፌው ነበር። ቋጠሮው ግን አልተፈታም። ነርሷ ሹራቡን ከነቋጠሮው በፌስታል ይዛ ወደ ውጭ ስትሮጥ እኔ መሬት ስሜ አለቀስኩ።

ኤልዳና ሁለት ቀን ተኝታ ዳነች። ጋሽ ቱሉ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡ። ስለ ቁጣዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው "ተይው፣ ስንቱ ይቆጣኛል" ብለው ሳቁ። እኔ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። ያን ቀን ሌላ ጫኝ አስጠርቼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ከእንቅልፌ የምባንንበት ጊዜ አለ።

ዕቃውን ያለ ምንም መድኃኒት አርሲ ነገሌ አስቀመጥነው። ባለፈው ወር ልናየው ሄድን። አይጥ የሰርጌን ብርድ ልብስ መሃሉን በልቶ በስቶታል። ባለቤቴ አዝኖ ያየኛል፤ እኔ "ይብሉት፣ ይጥገቡ!" አልኩ። ኤልዳና ብርድ ልብሱን አንስታ በቀዳዳው አጮለቀችብኝ።

"እማዬ፣ አየሁሽ!" አለችኝ።

እኔም አየኋት።