ድመት የማይወደው ማሽን

ተማሪዎቹ «ቀይ እስክሪብቶ» የሚሉት የእንግሊዝኛ መምህር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድርሰት አርሟል። ያፈሰሰው ቀለም ቢጠራቀም ጀልባ ያስቀዝፋል።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ድርሰት የሚያርም፣ «ዲፕ ለርኒንግ» የሚሉት ማሽን አስገባ። ይዛው የመጣችው ደግሞ ኮምፒውተር የተማረችው የገዛ ልጁ ናት።

«ሕግ አይነገረውም፣ አባዬ። ያረምካቸውን አሮጌ ደብተሮች ሁሉ አሳየዋለሁ፤ አይቶ አይቶ አንተን ይሆናል።»

«እሱ እኔን ከሆነ እኔ ማንን ልሆን ነው?»

መልሱን ርዕሰ መምህሯ ሰጠች። እሱና ማሽኑ ያንኑ አርባ ድርሰት ለየብቻ ያርማሉ፤ ማርካቸው ከገጠመ ቀይ እስክሪብቶ ክፍሉን ለቆ መጻሕፍት መጋዘን ይገባል።

ውጤቱ መጣ። ሠላሳ ሰባቱ ቁርጥ የሱ! ድርሰት ሲረዝምበት ሰልችቶት የሚሰጣት ሰባት ከአሥር እንኳ አልቀረችም። በሦስቱ ላይ ብቻ እሱ ዘጠኝ ሲሰጥ ማሽኑ ሰባት ሰጥቷል።

ልጅቷ ሦስቱን ደጋግማ አነበበች። «ሦስቱም ውስጥ ድመት አለች» አለች ግራ ገብቷት።

«ማሽኑ አይጥ ነው እንዴ?» አለች ርዕሰ መምህሯ። «ለሦስት ድመት ብለን ሥራ አንፈታም፤ ገጥሟል። መምህር፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይውሰዱ።»

«ቆይ!» አለ ቀይ እስክሪብቶ። ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። «ይቺ ልጄ ተማሪዬ ነበረች። ስለ ትምህርት ቤት ጻፊ ስላት ድመቷን፣ ስለ ባቡር ጻፊ ስላት ድመቷን! እኔ ደግሞ ለልጁ ያዳላል እንዳይሉኝ ሁልጊዜ ሁለት ማርክ እቀንስባት ነበር። ደብተሮቿ ከሌሎቹ ጋር ማሽኑ ውስጥ ገብተዋል፤ ድመት ሲያይ ሁለት መቀነስ የተማረው ከኔው ነው።»



«ታዲያ ማሽኑ ልክ ነው ወይስ ተሳስቷል?» አለች ርዕሰ መምህሯ።

የመጋዘኑን ቁልፍ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«እንግዲያው ሌላ ምን እንዳስተማሩት ተጣርቶ እስኪያልቅ ከክፍል ንቅንቅ እንዳይሉ!»

ተሸለመ ወይስ ተቀጣ? ቤቱ እስኪደርስ አልገባውም። እዚያም ልጁ ያን የባቡር ድርሰት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

«በል አሁን እረም። የሚያማን ሰው የለም።»

«ስለ ባቡር ነው ያልኩሽ፤ ድመቷ ምን ልትሠራ መጣች?»

«ተሳፍራ።»

 ሰባቱን ሰርዞ ዘጠኝ ጻፈ።

«አሥር ያልሞላው ለምንድን ነው?»

ድርሰቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበው። አንዷ የጎደለችበትን ምክንያት፣ እንደ ማሽኑ ሁሉ፣ እሱም አላወቀውም።