ሥሩ የታጠበ ቃሪያ

እፀገነትን አፍንጮ በር ላይ የማያውቃት የለም፤ የምትታወቀው ደግሞ በጽዳቷ ነው። ጽዳት ስላችሁ ቤት መጥረግ እንዳይመስላችሁ! ከገበያ የመጣ ሽንኩርት ሳይቀር ታጥቦ ነው ቤቷ የሚገባው። ፒያሳ በምትሠራበት ኬክ ቤት ባንኮኒውን ስትወለውል ደንበኞች ማኪያቷቸውን ብድግ አድርገው ይጠብቋታል። ባሏ ከተማ ይባላል፤ ታክሲ ነጂ ነው። ከሥራ መልስ የእሷ ደስታ በረንዳዋ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተከለቻቸው ቃሪያዎች ናቸው። ጾም ሲገባ የግቢው ሰው ስንግ የሚበላው ከእነሱ ነው።

ጎረቤቷ ፈቲያ ናት። ግድግዳቸው አንድ፣ ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ አንድ። እፀገነት እናቷን የቀበረች ጊዜ እንኳን ለቅሶ ደራሹን ወገቧን አስራ ያስተናገደችው ፈቲያ ነበረች። ከእህት ምን ይለያል?

ታዲያ ቃሪያዎቹ አደጉና ቆርቆሮው ጠበባቸው። አንድ እሑድ እፀገነት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ትልልቅ የቀለም ባልዲዎች አሰልፋ ልታዛውራቸው ተነሳች። ያውም በጠራራ ፀሐይ! ስትነቅላቸው ሥሮቹ አፈሩን እንዳቀፉ ወጡ። እንዳሉ ብትተክላቸው ምን ነበረበት? እሷ ግን አፈር የነካው ነገር ማየት አይሆንላትም። አንድ በአንድ አራገፈቻቸው፤ ሳፋ ውስጥ ነክራም ሥራቸውን እንደ ጎመን አጥባ አለቀለቀችው። ከዚያ ባልዲው ውስጥ ተክላ ፀሐይ ላይ ደረደረቻቸው።

ይሄኔ ፈቲያ ብቅ አለች።

«ውይ ሲያምሩ! እንደዚህ ያለ ቃሪያ አይቼም አላውቅ!» አለች። ማሻአላህ ማለቱን ረሳችው።

አመሻሹ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ ተንጠለጠለ።

«ዓይን ነው!» አለች እፀገነት። «ፈቲያ በዓይኗ በላቻቸው።»

«የምን ዓይን? ሥሩን እንደዚያ ፈግፍገሽ አጥበሽው እንዴት አይጠወልግ?» አለ ከተማ ጫማውን እያወለቀ። «ሰውም ቤት ሲቀይር ይደነግጣል። ጥላ ስጪውና ተይው።»

«አንተ ስለ ጎማህ አውራ!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ፈቲያ እንዳታያቸው ብላ ባልዲዎቹን ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው፤ ጓሮው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚፋጅበት ነው። ጠዋትና ማታ ጸበል ትረጫቸዋለች። ፈቲያ «እንዴት አደርሽ?» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ በዚያው ታልፋለች፤ አንቺስ ማለት የለ፣ ጨዋታ የለ። ያም ሆኖ ከግድግዳው ማዶ የፈቲያን ሳቅ ስትሰማ ሆዷ ይባባል። «ምነው ባልጠረጠርኳት» ትላለች፤ የጠወለገውን ቅጠል ስታይ ደግሞ ጥርጣሬዋ ይብስባታል። ፈቲያ ናፍቃታለች፣ እውነቱ ይሄው ነው።

አንድ ቀን ፒያሳ መብራት ጠፋና ኬክ ቤቱ በጊዜ ተዘጋ። እፀገነት በምሳ ሰዓት ቤቷ ገባች። ወደ ጓሮ ብትዘልቅ ፈቲያ ባልዲዎቹ ላይ አጎንብሳለች። ደሟ ፈላ።

«አንቺ! እጅ ከፍንጅ ያዝኩሽ!»

ፈቲያ ደንግጣ ቀና አለች። የያዘችው የራሷን ሻሽ ነው፤ ግማሹን በባልዲዎቹ ዙሪያ ባቆመቻቸው እንጨቶች ላይ አስራዋለች። ከሥሩ ቃሪያዎቹ ጥላ ውስጥ ናቸው። የአንዱ ጫፍ ላይ ምስር የምታክል አዲስ ቅጠል ብቅ ብላለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች እፀገነት።

«ጥላ ነዋ። ፀሐዩ እኮ እየጠበሳቸው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወደ ጓሮ ካመጣሻቸው ጀምሮ። ሥራ ስትሄጂ አስራለሁ፣ ሳትመጪ እፈታለሁ።»

«ታዲያ ምነው ደበቅሽኝ?»

ፈቲያ መሬት መሬቱን አየች። «በዓይኗ በላቻቸው ማለትሽን ሰምቻለሁ። ካየሽኝ ታባርሪኛለሽ። እነሱ ደግሞ ምን በወጣቸው ይሞታሉ?»

እፀገነት አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅር በይኝ ልትል አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት።

«ኧረ ተይ፣ በእንባ ደግሞ አታጠጫቸው! ጨው አይወዱም» አለች ፈቲያ፤ እየሳቀች የራሷንም ዓይን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

እፀገነት ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች፤ ያውም አፈሩ ላይ። ጎረቤቷን በሁለት ትከሻዋ ይዛ ወደ ባልዲዎቹ አዞረቻት።

«እስኪ እያቸው» አለቻት። «ደህና አድርገሽ እያቸው። በየቀኑ እየመጣሽ እያቸው።»