ከቤቴ ሠረቀ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቢቸና ውስጥ ማመልከቻ በምተይብበት ጽሕፈት ቤት ብቻዬን ነበርሁ። አሠሪዬ ለቅሶ ሄደዋል፤ ባለጉዳይም አልነበረም። ስልኬን ስከፍት የሞጣዋ ልጅ አዲስ ክፍል ለጥፋለች።

ልጅቷን በአካል አላውቃትም። አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ባለታሪኳ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ትሳፈርና የት እንደምትወርድ ሳይነገረን ያልቃል። ይህች ልጅ በቴሌግራም ቻናሏ ከዚያ ቀጠለችው። ሴትዮዋን አምጥታ ሞጣ አወረደቻት፤ የጨርቅ ሱቅ ከፈተችላት፤ ነገረኛ ጎረቤትም ሰጠቻት። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት ሞጣ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስለሆነ፣ ሴትዮዋ የምትሄድበትን መንገድ ሁሉ አውቀዋለሁ። በአማርኛ ተመርቄ የመምህርነት ቅጥር እየጠበቅሁ የሰው ማመልከቻ መተየብ ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከሳምንቱ ውስጥ የምጓጓለት ነገር ቢኖር የእሷ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ይህን ግን ነግሬያት አላውቅም። የሴት ሥዕል ብቻ ባለበት፣ ስም በሌለው አካውንት እንኳ አስተያየት መጻፍ ያሳፍረኛል።

ስሕተቷ ብዙ ነው። «ሄዳ» ማለት ሲገባት «ሂዳ» ብላ ትጽፋለች፤ እናቴም እንደዚያው ነው የምትለው፤ እናቴ ግን ድርሰት አትጽፍም። «አልመጣችም» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። አራት ነጥብ የምታስገባው ትዝ ሲላት ነው። እኔ ደግሞ ታሪኩ ሆዴን እያባባው እንኳ ዓይኔ የተሳሳተ ፊደል ላይ ይቆማል። ስንት ጊዜ ልተወው ብዬ አልቻልሁም።

የዚያን ቀን ከጽሑፏ ግርጌ «ጥሩም መጥፎም አስተያየት ስጡኝ» ብላ ነበር። እኔን የጠየቀችኝ መሰለኝ። ክፍሉን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ገልብጬ ከላይ እስከ ታች አረምሁት።

በክፍሉ ውስጥ ሴትዮዋን ሱቅ ያግዛት የነበረው ሰው ድንገት ጠፍቷል። ጎረቤቶች ጨርቅ ይዞ ሄደ እያሉ ያወራሉ። ከበው ሲጠይቋት «አዎ፤ ከቤቴ ሠረቀ» ትላለች፤ በዚሁ ያልቃል። እኔ ይህንንም አረምሁት። ንጉሡን ሠ አጥፍቼ እሳቱን ሰ ተካሁ። ከዚያ የስሕተቶቹን ዝርዝር አስተያየት መስጫው ላይ ለጠፍሁ፤ የመጨረሻው «‹ሠረቀ› ሳይሆን ‹ሰረቀ›» የሚል ነበር። «ታሪክሽን እወደዋለሁ» የምትል አንዲት መስመር አልጨመርሁም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከዝርዝሬ ሥር ሰው ተሰብስቦ ነበር። አንዱ «በንጉሡ ሠ የሚሰርቅ ሌባ ያለው ሞጣ ብቻ ነው» አለ። ሌላዋ መጀመሪያ ፊደል ቁጠሪ፣ ድርሰቱ ይደርሳል አለቻት። ለእኔ «እናመሰግናለን መምህርት» የሚልም ነበረ። መምህርት ብሎ የጠራኝ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱን ልዘጋ ስል ከራሷ ከልጅቷ መልእክት መጣልኝ።

«እህቴ ሌላው ስተት የኔ ነው እቀበላለሁ። ሠረቀ ግን ስተት አደለም። አያቴ ቅኔ ቤት የነበሩ ናቸው፣ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ እንደ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው ብለውኛል። ጎረቤቶቿ ሰረቀ ብላ አመነች ብለው ይሰማሉ። እሷ ግን ከቤቴ እንደ ፀሐይ ወጣ ነው የምትል። አንባቢ ያየዋል ብየ ነበር።»

ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አላውቀውም እንዳልል፣ ምሥራቅ የሚለው ቃል ከዚያ ግሥ እንደሚወጣ ተፈትኜበት አልፌአለሁ። በአፍ ሲባል ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ፊደሉ ብቻ ነው። ልጅቷ የሰውየውን ንጽሕና በአንዲት ፊደል ውስጥ ደብቃ ፊደል ለሚያይ ሰው ትታው ነበር። ፊደል የማየው እኔ ነበርሁ። እኔም ሰውየውን ሌባ አደረግሁት።

ይቅርታ ለመጠየቅ ጀመርሁ። ጻፍሁ፤ አጠፋሁ። ስንኩል ዐረፍተ ነገር ልልክላት አልፈለግሁም። በመጨረሻ «ይቅርታ እህቴ፤ ጽሑፍሽን በጣም እወደዋለሁ» የሚለው ቀረ። «እህቴ»ን ወደ «እኅቴ» አስተካክዬ ልልክ ስል ስሟ ከነበረበት ላይ «የተሰረዘ አካውንት» የሚል አየሁ። ቻናሉን ፈለግሁት፤ የለም። ክፍሎቹ ሁሉ፣ የእኔም ዝርዝር፣ አብረው ጠፍተዋል። ቀጥታ ስልኳ ላይ እንደምትጽፍና ሌላ ቅጂ እንደሌላት አንድ ጊዜ ለአንባቢዎቿ ተናግራ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ምን ሆነሻል አለችኝ። የምነግራት እንዴት ብዬ ነው? ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጽሕፈት ቤቱን ከፈትሁ። ከዚያ ሁሉ ታሪክ የተረፈው ኮምፒውተሩ ላይ የገለበጥሁት አንድ ክፍል ነበር፤ እሱም የታረመው። እርማቱን ወደ ነበረበት የሚመልሰውን ቁልፍ ብጫን አይሠራም፤ ትናንት አስቀምጬ ዘግቼዋለሁ። በእጄ ልመልሰው ተነሣሁ። በመጀመሪያ እሳቱን ሰ አጥፍቼ ንጉሡን ሠ ወደ ቦታው መለስሁ። ቀጥሎ «ሄዳ»ን ሁሉ «ሂዳ» አደረግሁ። «አልመጣችም» ላይ ስደርስ ቆምሁ። ከየትኛው ፊደል ላይ እንደ ሰነጠቀችው ትዝ አላለኝም። አራት ነጥቦቹም የትኞቹ የእሷ፣ የትኞቹ የእኔ እንደ ሆኑ መለየት አቃተኝ። በግምት መሰንጠቅ ጀመርሁና ተውሁት፤ ያም ሌላ እርማት ሆነብኝ።

አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ሊያስጽፉ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ክፍሉን ባለበት አንድ ቅጂ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ይቀመጡ አልኋቸው።